የተርቦ መኪናና የነጋዴው የነዳጅ ሒሳብ

በሐዋሳ ከተማ ያገለገለ መኪና ሊገዛ የሚነሣ ነጋዴ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቃቸው ጥያቄዎች ሦስት ናቸው፤ ይኸውም ዋጋው ስንት ነው፣ የተሠራበት ዘመን መቼ ነው፣ በሊትርስ ስንት ኪሎ ሜትር ይሄዳል የሚሉት ናቸው። ለመጀመሪያው ውል ይጻፍለታል። ለሁለተኛው ሊብሬው ይቀርብለታል። ለሦስተኛው ግን የሚያገኘው የሻጩን ወይም የደላላውን ቃል ብቻ ነው፤ ቃሉም ዘወትር አንድ ዓይነት ነው፤ «ሞተሩ ትንሽ ነው፤ ነዳጅ አይበላም» ይባላል። ሞተሩ ተርቦ የተገጠመለት ሲሆን ደግሞ «ጉልበቱ የትልቅ፣ አበላሉ የትንሽ ነው» የሚል ምስጋና ይጨመርበታል። ገዥውም ይህን አምኖ ገንዘቡን ከፍሎ ይሄዳል፤ እውነቱንም የሚያውቀው ሁለትና ሦስት ወር ከነዳ በኋላ የነዳጁን ወጭ ከሱቁ ገቢ ጋር ሲያስተያየው ነው።

ነዳጅ በድጎማ ይሸጥ በነበረበት ዘመን በሊትር ሁለት ወይም ሦስት ኪሎ ሜትር ቢጎድል ጉዳቱ የሚሰማው ሰው ጥቂት ነበረ። መንግሥት ድጎማውን ደረጃ በደረጃ ማንሣት የጀመረው በ2014 ዓ.ም. ክረምት ሲሆን፣ በዚያን ጊዜ የአንድ ሊትር ቤንዚን ዋጋ በአዲስ አበባ 47 ብር ከ83 ሳንቲም ሆነ። ኢትዮጵያ የምትጠቀምበት ነዳጅ ሁሉ በውጭ ምንዛሪ ተገዝቶ የሚገባ ስለ ሆነ፣ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ዋጋው ይበልጥ ወደ ላይ ወጣ። በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. መጨረሻ ሊትሩ ከ100 ብር አለፈ፤ በዚያው ዓመት ውስጥም እንደገና ጨመረ። በሌላ በኩል ደግሞ የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር በጥር 2016 ዓ.ም. በኤሌክትሪክ ከሚሠሩት በስተቀር አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን አስታወቀ። ስለዚህ በገበያው ላይ የሚገዛውና የሚሸጠው የቤንዚንና የናፍጣ አውቶሞቢል በአብዛኛው ከዚያ በፊት የገባው ነው ማለት ነው። አዲስ የማይተካው ዕቃ ዋጋው አይወድቅም፤ ነዳጁም ውድ ነው። ገዥው በሁለቱ መካከል ቆሞ በቃል ብቻ መወሰኑ ከእንግዲህ የሚያዋጣ አይደለም።

ተርቦ የሚባለው መሣሪያ አሠራሩ አስቸጋሪ አይደለም። ከሞተሩ ተቃጥሎ የሚወጣው ጭስ ትኩስና ብርቱ ስለ ሆነ አንዲት ትንሽ ቅጠለ ብዙ መንኰራኵር ያዞራል፤ ይህች መንኰራኵር በአንድ ዘንግ ከሌላ መንኰራኵር ጋር ተያይዛለች፤ ሁለተኛዪቱም ንጹሑን አየር ጨምቃ ወደ ሲሊንደሩ ታስገባለች። አየር ሲበዛ ብዙ ነዳጅ ማቃጠል ይቻላል፤ ብዙ ነዳጅ ሲቃጠልም ብዙ ጉልበት ይገኛል። ይህን አሳብ አስቀድሞ በፓተንት ያስመዘገበው አልፍሬድ ቡኪ የሚባል የስዊስ መሐንዲስ ሲሆን ዘመኑም እ.ኤ.አ. 1905 ነው። መሣሪያው ለብዙ ጊዜ በመርከብ፣ በባቡርና በአውሮፕላን ሞተሮች ላይ ሲሠራ ኖሮ ለገበያ በሚቀርቡ የቤት መኪናዎች ላይ የተገጠመው እ.ኤ.አ. በ1962 በአሜሪካ ነው። በዚያን ጊዜ ከተሸጡት አንዱ ኦልድስሞቢል ጄትፋየር ይባል ነበር፤ ሞተሩ በግፊቱ ብዛት እንዳያንኳኳ ውሃና ሜታኖል የተቀላቀለበት ፈሳሽ ለብቻው በተሠራ ዕቃ ይሞላለት ነበር። ባለቤቶቹ ፈሳሹን መሙላት እየረሱ ስላስቸገሩ ፋብሪካው ከሁለት ዓመት በላይ አልሠራውም፤ ብዙዎቹም ተርቦአቸው ወልቆ ተጣለ። ከዚያ ዘመን ጀምሮ የተርቦ መኪና የባለቤቱን ጥንቃቄ የሚፈልግ ዕቃ ነው።

እንግዲህ የሻጮቹ ምስጋና ከሥሩ ሐሰት ነው ሊባል አይችልም። እንዲያውም ተርቦ በኢትዮጵያ ደጋማ አገር ከሌላው ቦታ ይልቅ ዋጋ ያለው ነው። ሐዋሳ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ትገኛለች፤ በዚህ ከፍታ ያለው አየር በባሕር ዳርቻ ካለው አየር ከስድስት እጅ አንድ እጅ ያህል የሳሳ ነው። በአዲስ አበባ ጉድለቱ ከአምስት እጅ አንድ እጅ ይደርሳል። ከሐዋሳ በስተ ደቡብ ወደ ሐገረ ሰላም የሚወጣ መኪና ደግሞ ከ2,700 ሜትር በላይ ስለሚደርስ ከአራት እጅ አንድ እጅ የሚያህል አየር ያጣል። ተርቦ የሌለው ሞተር የሚተነፍሰው ያገኘውን ብቻ ነውና ጉልበቱ በዚያው ልክ ይቀንሳል። ተርቦ ያለው ግን የሳሳውን አየር ጨምቆ ስለሚያስገባ ጉድለቱን በአብዛኛው ይሞላዋል።

ይህ ጥቅም በይበልጥ የሚታየው በናፍጣ የጭነት መኪና ላይ ነው። ከዲላ፣ ከይርጋ ዓለምና ከአለታ ወንዶ ቡና ጭኖ በሐዋሳ በኩል ወደ አዲስ አበባ የሚጓዝ መኪና በስምጥ ሸለቆው ሐይቆች አጠገብ ያለውን ሜዳ ካለፈ በኋላ ከሞጆ እስከ አዲስ አበባ ድረስ ወደ 600 ሜትር የሚጠጋ ከፍታ ይወጣል። ተርቦ የሌለው የናፍጣ ሞተር በዚያ ዳገት ላይ ሾፌሩ ነዳጅ መስጫውን እስከ መጨረሻው ሲረግጠው የሚረጨውን ናፍጣ ለማቃጠል የሚበቃ አየር አያገኝም፤ ያልተቃጠለውም ናፍጣ ጥቁር ጭስ ሆኖ ይወጣል። በዳገት ላይ የሚታየው ያ ጭስ የባለ መኪናው ገንዘብ ነው። የናፍጣ ሞተር በተፈጥሮው ብዙ አየር የሚፈልግ ስለ ሆነ ተርቦ ለእርሱ ጌጥ ሳይሆን መሣሪያ ነው፤ ለዚህም ነው ዛሬ የሚሠሩት የጭነት መኪናዎች ሁሉ ማለት ይቻላል ተርቦ የተገጠመላቸው። በቀላል መኪናዎችም ዘንድ ምሳሌ አይጠፋም። በገጠር ሥራ የታወቀው አሮጌው ላንድክሩዘር ሃርድቶፕ 4,164 ሲሲ የሆነ ተርቦ የሌለው የናፍጣ ሞተር አለው፤ ከእርሱ በኋላ የመጣው የቶዮታ ሃይሉክስ ፒክአፕ ግን በ2,393 ሲሲ የተርቦ ናፍጣ ሞተር ከዚያ የሚበልጥ ጉልበት ያወጣል፤ ከፍታው እየጨመረ በሄደ ቁጥርም ልዩነታቸው እየሰፋ ይሄዳል። ሸቀጥ ወደ ገጠር ገበያ የሚያደርስ ነጋዴ ከሁለቱ መካከል ሲመርጥ የተርቦውን ቢያደንቅ አይፈረድበትም።

ነገር ግን ይኸው ምስጋና ከጭነት መኪናው ተወስዶ በከተማ ውስጥ ለሚነዳው ባለ ብዙ ጉልበት የቤንዚን መኪና ሲሰጥ ነገሩ ይለወጣል። የቤንዚን ሞተር አንድ ኪሎ ቤንዚን በደንብ ለማቃጠል 14.7 ኪሎ ያህል አየር ይፈልጋል። ተርቦው አየሩን እጥፍ ቢያደርገው ቤንዚኑም እጥፍ መሆን አለበት፤ በነፃ የሚገኝ ጉልበት የለም። ከዚህም የባሰው ነጂው አጥብቆ ሲረግጥ የሚሆነው ነው። ግፊቱ ሲበዛ በሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ሙቀት ይጨምራል፤ ሞተሩ እንዳያንኳኳና ዕቃው እንዳይቃጠል ብዙዎቹ የተርቦ ቤንዚን ሞተሮች ከሚፈለገው በላይ ተጨማሪ ቤንዚን ይረጫሉ፤ ይህ ተጨማሪ ቤንዚን የሚሠራው ሥራ ማቀዝቀዝ እንጂ መኪናውን ማስኬድ አይደለም። ስለዚህ አንዱና ያው መኪና ሁለት ሆድ አለው ማለት ነው፤ በዝግታ ሲነዳ በእርግጥ የትንሽ ሞተር አበላል ይበላል፤ ጉልበቱ ሲጠየቅ ግን የትልቅ ሞተር ያህል፣ አንዳንድ ጊዜም ከዚያ አብልጦ ይበላል። የትልቁን ጉልበትና የትንሹን አበላል በአንድ ጊዜ የሚሰጥ መኪና ገና አልተሠራም።

የሐዋሳ ጎዳናዎች ሰፊና ሜዳ በመሆናቸው ይመሰገናሉ። ነገር ግን ከአቶቴ እስከ ፒያሳ፣ ከፒያሳም እስከ መናኸሪያ የሚነዳ ሰው በባጃጆች መካከል ስንት ጊዜ እንደሚቆምና ስንት ጊዜ እንደሚነሣ ቢቈጥር ይገረማል። መኪና በተነሣ ቁጥር ነዳጅ አቃጥሎ ያገኘውን ፍጥነት በቆመ ቁጥር በፍሬን አሙቆ ይጥለዋል፤ መኪናው በከበደ መጠንም የሚጣለው ይበዛል። ደግሞም የነጋዴው ጉዞ ከሱቅ ወደ ባንክ፣ ከባንክ ወደ መጋዘን ነው፤ ሞተሩ በደንብ ሳይሞቅ ጉዞው ያልቃል፤ ያልሞቀ ሞተርም ከሞቀው የበለጠ ይበላል። በእንዲህ ያለ መንገድ ላይ ተርቦው የተሠራበትን ጥቅም የሚሰጥበት አጋጣሚ ጥቂት ነው። ተርቦ የሌለው ትንሽ የቤንዚን መኪና ግን በሐዋሳ ከፍታ ጉልበቱ ይቀንሳል እንጂ፣ በሜዳው ላይ በዝግታ ሲነዳ በከፍታው ምክንያት ነዳጁ አይጨምርበትም። ለከተማ ሥራ የሚበቃውን ጉልበትም አያጣም።

እዚህ ላይ በመላ አገሪቱ የማዕረግ ምልክት ሆኖ የቆየውን «ቪኤይት» ሳያነሡ ማለፍ አይቻልም። ይህ ላንድክሩዘር 4,461 ሲሲ የሆነ ስምንት ሲሊንደር የናፍጣ ሞተርና ሁለት ተርቦ አለው፤ ክብደቱም ባዶውን ከሁለት ተኩል ቶን በላይ ነው። ለበረሃና ለጭቃ፣ ብዙ ሰውና ዕቃ ይዞ ለረዥም ጉዞ የተሠራ ብርቱ መኪና ነው፤ በዚያ ሥራ ላይ ማንም አይነቅፈውም። አንድ ሰውና አንድ ቦርሳ ይዞ ከቤት ወደ ቢሮ፣ ከቢሮም ወደ ሐይቁ ዳር ሲመላለስ ግን ለአንድ ሰው ምሳ ተብሎ በሬ የማረድን ያህል ነው። ነጋዴው ይህን መኪና ለክብር ሲል ከገዛው የነዳጁን ወጭ በክብር ሒሳብ ላይ ይጻፈው እንጂ በሱቁ የሥራ ማስኬጃ ላይ አይጻፈው።

ብዙ ሰዎች የሻጩን ቃል ባያምኑ እንኳ የፋብሪካውን መጽሐፍ ያምናሉ። በመጽሐፉ ላይ የሚታተመው የነዳጅ ቁጥር ግን በመንገድ ላይ የተገኘ አይደለም፤ መኪናው በቤት ውስጥ በሚሽከረከር ከበሮ ላይ ቆሞ በተወሰነ ሥርዓት ሲነዳ የተገኘ ነው። በአውሮፓ ለረዥም ዘመን ሲሠራበት የነበረው የአለካክ ሥርዓት 20 ደቂቃ የሚፈጅና 11 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ የሚርቅ ነበር፤ በእርሱም ውስጥ መኪናው ከቆመበት ተነሥቶ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ለመድረስ 26 ሰከንድ ይሰጠው ነበር። በሐዋሳ ውስጥ እንዲህ የሚነዳ ሰው ቢገኝ ከኋላው ያለው ባጃጅ ሁሉ ጥሩምባውን በነፋበት ነበር። በእንዲህ ያለ የዝግታ መለኪያ ተርቦው ከሞላ ጎደል ሥራ አይሠራም፤ ስለዚህ ትንሹ ሞተር በትንሽነቱ ብቻ ተመዝኖ ጥሩ ቁጥር ያገኛል። በንጹሕ ትራንስፖርት ላይ የሚያጠናው ዓለም አቀፍ ምክር ቤት በአውሮፓ መኪናዎች ላይ ባደረገው ምርመራ በመጽሐፉ ቁጥርና በመንገድ ላይ በሚታየው መካከል ያለው ልዩነት እ.ኤ.አ. በ2001 ከመቶ አሥር የማይሞላ ሲሆን፣ በ2015 ግን ከመቶ አርባ ያህል መድረሱን አስታውቋል። ትንንሽ የተርቦ ሞተሮች በአውሮፓ የበዙትም በእነዚሁ ዓመታት ነው፤ ምንም እንኳ የልዩነቱ ምክንያት እነርሱ ብቻ ባይሆኑም። ኮንሲውመር ሪፖርትስ የተባለው የአሜሪካ የሸማቾች መጽሔትም እ.ኤ.አ. በ2013 ባሳተመው ምርመራ፣ ትንሽ የተርቦ ሞተር የተገጠመላቸው ብዙ መኪናዎች ተርቦ ከሌላቸው ተለቅ ያሉ ሞተሮች የተሻለ የነዳጅ ቁጠባ እንዳላሳዩ ገልጿል። አውሮፓውያኑ ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ፈጠን ያለና ረዘም ያለ መለኪያ አውጥተዋል፤ ወደ ኢትዮጵያ ከገቡት ያገለገሉ መኪናዎች ብዙዎቹ ግን ከዚያ በፊት የተሠሩ ስለ ሆኑ ከመጽሐፋቸው ጋር የመጣው ቁጥር የቀድሞው ነው።

ለስሕተቱ መስፋፋት የቀረጡ ሕግም ድርሻ አለው። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 307 አውቶሞቢሎችን በሞተራቸው ስፋት ከፍሎ እስከ 1,300 ሲሲ ድረስ ከመቶ 30፣ እስከ 1,800 ሲሲ ድረስ ከመቶ 60፣ ከዚያ በላይ ከመቶ 100 ታክስ ይጥልባቸው ነበር። በ2012 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1186ም የመኪናውን ዕድሜ ቢጨምርበት ሲሲውን መቍጠር አልተወም። በእነዚህ ዓመታት ውስጥ አስመጪውም ገዥውም ሲሲን እንደ ሞተር ሆድ አድርጎ ማየትን ከጉምሩክ ተማረ። ተርቦ ብርቅ በነበረበት ዘመን ይህ አስተያየት ብዙም ስሕተት አልነበረበትም። ዛሬ ግን 1,500 ሲሲ ሆኖ ተርቦ የተገጠመለት የቤንዚን መኪና ተርቦ የሌለው የ2,400 ሲሲ ሞተር የሚሰጠውን ጉልበት ሊሰጥ ይችላል፤ ያንን ጉልበት በሰጠ ጊዜ የሚበላውም በዚያው ልክ ነው። አስመጪው በሕጉ መሠረት አነስተኛውን ቀረጥ ከፍሎ አስገብቷል፤ በዚህም ጥፋት የለበትም። ጥፋቱ የቀረጡን ክፍል እንደ ነዳጅ ምስክር ወረቀት አድርጎ መሸጥ ላይ ነው።

ጉዳቱ በብር ምን ያህል እንደ ሆነ ለመረዳት አንድ ቀላል ሒሳብ ይበቃል። አንድ ነጋዴ በወር 1,500 ኪሎ ሜትር ይነዳል እንበል። መኪናው በሊትር 12 ኪሎ ሜትር ይሄዳል ተብሎ ከሆነ የሚያስፈልገው 125 ሊትር ነው። በእውነት የሚሄደው 8 ኪሎ ሜትር ከሆነ ግን 187 ሊትር ተኩል ያስፈልገዋል። ልዩነቱ 62 ሊትር ተኩል ነው፤ ለሒሳቡ እንዲቀል ሊትሩ በ100 ብር ቢታሰብ እንኳ በወር 6,250 ብር፣ በዓመት 75,000 ብር ይሆናል። ዋጋው ከዚያ በላይ ስለ ሆነ ጉዳቱም ከዚያ በላይ ነው። ብዙ ቸርቻሪ በሱቁ ዕቃ ላይ ሃምሳ ሳንቲም ሲጎድልበት ከአከፋፋዩ ጋር ይከራከራል፤ ለዚህ ግን ማንንም አይጠይቅም፤ የሚጠይቅበት ጽሑፍ የለውምና።

የነጂው እግር ነገሩን እንደሚለውጠው የታወቀ ነው። ከሐዋሳ አዲስ አበባ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ ይህንን መንገድ የሚመላለስ ነጋዴ በፈጣኑ መንገድ ላይ ሲደርስ በሰዓት ከ80 ኪሎ ሜትር ወደ 120 ቢያሳድግ ፍጥነቱ የጨመረው በግማሽ ነው፤ አየሩ መኪናውን ወደ ኋላ የሚገፋበት ኃይል ግን ከሁለት እጥፍ በላይ ይሆናል። ባለ ብዙ ጉልበት የተርቦ መኪና ደግሞ 120ውን እንደ 80 አድርጎ ያሳያል፤ ድምፁ አይሰማም፣ ድካሙም አይታወቅም፤ ነጂው ሳያስበው ይበራል። ጉልበት የሌለው መኪና ነጂውን በግድ ቆጣቢ ያደርገዋል፤ ጉልበት ያለው ግን ቁጠባውን ለነጂው ፈቃድ ይተውለታል። መኪናውን ለተቀጣሪ ሾፌር የሚሰጥ ነጋዴ ሲገዛ ይህንን ልዩነት ቢያስብበት ይበጀዋል፤ የነዳጁ ከፋይ ሌላ፣ ረጋጩ ሌላ ነውና።

ከሻጩና ከነጂው ሌላ የመለዋወጫና የዘይት ነጋዴዎችም በዚህ ጉዳይ ውስጥ አሉበት። የተርቦ ዘንግ በደቂቃ ከመቶ ሺህ ጊዜ በላይ የሚሽከረከር ሲሆን የሚንሳፈፈው በስስ የዘይት ሽፋን ላይ ብቻ ነው። ዘይቱ አስመስሎ የተሠራ፣ ወይም ለሞተሩ የማይስማማ፣ ወይም ጊዜው ያለፈበት እንደ ሆነ መጀመሪያ የሚጎዳው ተርቦው ነው። የተጎዳ ተርቦ ደግሞ በአንድ ቀን አይቆምም፤ ግፊቱ ቀስ በቀስ እየደከመ ይሄዳል፤ ነጂውም ጉልበት ሲያጣ አጥብቆ ይረግጣል፤ ነዳጁ ይጨምራል፤ ባለቤቱም «መኪናው አርጅቷል» ይላል። የአየር ማጣሪያ በአቧራ ሲደፈን፣ ከተርቦው አየር የሚያመጣው ጎማ ሲሰነጠቅ የሚሆነውም ይኸው ነው፤ በናፍጣ መኪና ላይ ጥቁር ጭስ መታየቱ አንዱ ምልክቱ ነው። በትንሽ ገንዘብ የሚለወጥ ጎማ ተሰንጥቆ ለወራት ነዳጅ ሲያባክን የሚኖርበት ጋራዥ ገብቶ የሚያይ መካኒክ ባለመገኘቱ ብቻ አይደለም፤ ባለቤቱ የነዳጁን መጠን ስለማይጽፍ መጨመሩን አለማወቁም ጭምር ነው። ሌላው ደግሞ ልማድ ነው። ረዥም መንገድ በፍጥነት ተነድቶ የመጣ የተርቦ መኪና እንደ ቆመ ወዲያው ሞተሩ ከጠፋ በጋለው ተርቦ ውስጥ የቀረው ዘይት ይቃጠላል፤ አንድ ወይም ሁለት ደቂቃ ያለ ሥራ ማዞር ይህን ያስቀራል። ከአዲስ አበባ ዕቃ ይዘው ደርሰው መናኸሪያው አጠገብ መኪናቸውን በድንገት የሚያጠፉ ሾፌሮች ግን በየቀኑ ይታያሉ።

የሚሻለው ምን እንደ ሆነ ግልጽ ነው፤ መለካት ነው። አለካኩም ልዩ ዕቃ አይፈልግም። የነዳጁ ጋን እስከ አፉ ይሞላል፤ የኪሎ ሜትር ቆጣሪው ይጻፋል፤ እንደ ወትሮው ሁለትና ሦስት መቶ ኪሎ ሜትር ይነዳል፤ ቢቻል በዚያው ማደያ ተመልሶ እስከ አፉ ይሞላል፤ የተጓዘው ኪሎ ሜትር ለገባው ሊትር ይካፈላል። አንድ ጊዜ ብቻ የተለካ ሊያሳስት ስለሚችል ሦስት ጊዜ መድገም ይገባል። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ነዳጅ የሚገዛው በቴሌብርና በመሰል የስልክ ክፍያ ስለ ሆነ የተከፈለው ገንዘብ ከቀኑ ጋር ተመዝግቦ በስልክ ውስጥ ይቀራል፤ በዕለቱ ዋጋ ሲካፈል ሊትሩ ይገኛል። ቀድሞ በማስታወሻ ደብተር የሚደክሙበት ሥራ ግማሹ ሳይታሰብ ተሠርቷል ማለት ነው። የሚቀረው ኪሎ ሜትሩን መጻፍ ብቻ ነው።

አንዳንድ መኪና ሻጮች ይህ አሳብ ሲቀርብላቸው «ገዥው እንደ በሬ ቢነዳ እኛ ለሊትሩ እንጠየቅ?» ብለው ይቃወማሉ። ተቃውሞው ሚዛን አለው፤ ነገር ግን የሚጠየቀው ዋስትና አይደለም። ሻጩ መኪናው ወደፊት ስንት እንደሚሄድ እንዲምል አይፈለግም፤ የት፣ መቼ፣ በምን ዓይነት መንገድና ስንት ሰው ወይም ስንት ኩንታል ይዞ ተለክቶ ስንት እንደ ሄደ እንዲጽፍ ነው። ገዥው ይህን ከሌላ ሻጭ ወረቀት ጋር ያስተያየዋል። እውነተኛ ሻጭ ከዚህ የሚያጣው ነገር የለም፤ እንዲያውም ተርቦ የሌላትን ትንሽ መኪናውን «ጉልበት የላትም» እየተባለ በርካሽ ሲጠየቅበት የነበረ ሰው ወረቀቱን አውጥቶ ዋጋውን ያስከብርበታል። የናፍጣ ተርቦ ፒክአፕ የሚሸጠውም እንዲሁ ነው።

ይህን ልማድ ለማስጀመር ከከተማው የንግድ ምክር ቤት የተሻለ አካል አይገኝም፤ ሻጭም ገዥም አባሎቹ ናቸውና ለአንዱ ያደላል ተብሎ አይጠረጠርም። አዲስ ሕግ አያስፈልገውም፤ አንድ መዝገብና አንድ ጸሐፊ ይበቁታል። በመዝገቡ ላይ የመኪናው ዓይነትና የተሠራበት ዘመን፣ ሲሲው፣ ተርቦ ያለው መሆኑና አለመሆኑ፣ ነዳጁ፣ የተለካበት መንገድ በከተማ ወይም ከከተማ ውጭ መሆኑ፣ ጭነቱ፣ የሦስቱ መለኪያዎች ውጤት ይጻፋል፤ የባለቤቱ ስም መጻፍ አይኖርበትም። የኤሌክትሪክ መኪና አስመጪዎችም ከዚህ መዝገብ ውጭ መሆን የለባቸውም። በቻይና ፋብሪካዎች መጽሐፍ ላይ «በአንድ ሙሌት ይህን ያህል ኪሎ ሜትር ይሄዳል» ተብሎ የሚታተመው ቁጥርም ለስላሳ በሆነ መለኪያ የተገኘ ስለ ሆነ፣ ከሐዋሳ ተነሥቶ ቁጥሩን አምኖ ወደ አዲስ አበባ የሚጓዝ ሰው ከሞጆ ወዲያ ባለው ዳገት ላይ ሊጨነቅ ይችላል።

ሥራው ከቡና ላኪዎች ቢጀመር ይቀላል። ከዲላና ከይርጋ ዓለም የሚነሣው መኪና ጭነቱ በኩንታል ተመዝኖ ተጽፏል፤ የሚሄድበት መንገድም ዘወትር አንድ ነው፤ ነዳጁም በአብዛኛው የሚከፈለው ከላኪው ወይም ከማኅበሩ ሒሳብ ነው። አሥር ወይም አሥራ አምስት መኪናዎች፣ ከፊሎቹ ተርቦ ያላቸው፣ ከፊሎቹ የሌላቸው፣ በአንድ የቡና ወቅት ሦስት ሦስት ጊዜ ቢለኩ ምክር ቤቱ ለአባሎቹ የሚያሳየው የመጀመሪያ ሰሌዳ ያገኛል፤ የቤት መኪና ሻጮቹም በራሳቸው ጊዜ ወረቀታቸውን ይዘው ሊመጡ ይችላሉ።